በኬላው ጎን የሚያልፈው ደመወዝ፦ የአሜሪካ የመሥሪያ ቤት ጤና ኢንሹራንስና የታክስ ድጎማው

በ2025 መገባደጃ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለ43 ቀናት ተዘግቶ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የጭቅጭቁ ዋና ሰበብ ኦባማ ኬር (በመንግሥት በተቋቋመው ገበያ የሚሸጠውን የጤና ኢንሹራንስ) ለሚገዙ ሰዎች ሲሰጥ የቆየው ተጨማሪ እርዳታ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ነበር። የኮንግረስ በጀት ቢሮ ያንን እርዳታ ቋሚ ማድረግ በ10 ዓመት ውስጥ 350 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣ ገምቷል። ሰው ሁሉ በዚህ ቁጥር ሲከራከር ሰነበተ።

በዚያው ሰሞን ስሙን እምብዛም ማንም ያላነሳው ሌላ ድጎማ አለ። በመሥሪያ ቤታቸው በኩል ኢንሹራንስ ላላቸው ሰዎች የሚሰጥ ነው። ታክስ ፖሊሲ ሴንተር የተባለው የጥናት ተቋም እንዳሰላው፣ በ2022 የፌዴራል መንግሥቱን ወደ 299 ቢሊዮን ዶላር አሳጥቶታል። ይህ የአንድ ዓመት ሂሳብ ነው። ከ65 ዓመት በታች ካሉት የአገሪቱ ነዋሪዎች 154 ሚሊዮን ያህሉ ኢንሹራንሳቸውን የሚያገኙት በሥራ በኩል ነው። ሆስፒታል፣ ኤርፖርት፣ ፓርኪንግ፣ መጋዘን ከሚሠራው ወገናችን ብዙው እዚህ ውስጥ አለበት። መንግሥት ይደጉመኛል ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ድጎማው የታለ? እኔ ያየሁት ነገር የለም

አይታይም። በስማችሁ የሚጻፍ ቼክ የለም። መንግሥት ከካዝናው አውጥቶ አይሰጥም፤ ሊሰበስበው ይችል የነበረውን ታክስ ይተዋል እንጂ። ለዚህም ነው በዜና ላይ "ወጪ" ተብሎ የማይነሳው።

ደመወዛችሁን በኬላ እንደሚያልፍ ጭነት ቁጠሩት። አሰሪያችሁ በጥሬው የሚልከው ገንዘብ በዋናው መንገድ ይመጣል። ኬላው ላይ ይቆማል። የፌዴራል ገቢ ግብር፣ የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) መዋጮ ተቆርጦለት የተረፈው እናንተ ጋ ይደርሳል። ለጤና ኢንሹራንሳችሁ የሚከፍለው ገንዘብ ግን ኬላ በሌለበት መንገድ ዞሮ በቀጥታ ኢንሹራንስ ኩባንያው ጋ ይገባል። ኮንትሮባንድ አይደለም፤ መንገዱን የከፈተው ራሱ ሕጉ ነው።

በዚያ መንገድ የሚያልፉት ሁለት ዓይነት ገንዘቦች ናቸው። አንደኛው አሰሪው የሚከፍለው ድርሻ ነው። ሁለተኛው ከእናንተ ደመወዝ የሚቆረጠው ነው። የደመወዝ ወረቀታችሁን ብታዩ፣ የኢንሹራንሱ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ "ፕሪ-ታክስ" በሚለው ሥር ተጽፏል። ታክስ ከመሰላቱ በፊት ተቀነሰ ማለት ነው። ይህኛው የተፈቀደው በ1978 በወጣ ሕግ ነው፤ የሂሳብ ሰዎች በአንቀጹ ቁጥር "ሴክሽን 125" ይሉታል።

በብር... ማለቴ በዶላር ስንት ይሆናል?

በመጀመሪያ ዋጋውን እንወቅ። ፕሪሚየም የሚባለው ታመምንም አልታመምን ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ቋሚ ክፍያ ነው። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ጥናት ድርጅት በየዓመቱ አሰሪዎችን ይጠይቃል። በ2025 የቤተሰብ ኢንሹራንስ አማካይ ፕሪሚየም በዓመት 26,993 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ ሠራተኛው በአማካይ የከፈለው 6,850 ዶላር ነው። ቀሪውን፣ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ የሆነውን፣ አሰሪው ከፈለ። ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ጠቅላላው 9,325፣ የሠራተኛው ድርሻ 1,440 ዶላር ነበር።

አሁን ሁለት ቤተሰብ እናስብ። በሁለቱም ቤት አሰሪ 20 ሺህ ዶላር ለኢንሹራንስ ይከፍላል።

በመጀመሪያው ቤት ባልየው ብቻ ይሠራል፤ በዓመት 60 ሺህ ያገኛል። ጥንዶቹ አንድ ላይ ታክስ ሲያሠሩ በ2025 ሕግ 12 በመቶው የታክስ እርከን ላይ ይወድቃሉ። ከዚህ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 7.65 በመቶ አለ። ያ 20 ሺህ ዶላር በደመወዝ መልክ ቢመጣ ኖሮ 19.65 በመቶው፣ ማለትም 3,930 ዶላሩ ይቆረጥ ነበር። የልጅ ክሬዲትን (ክሬዲት ከታክስ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ ነው) እና የስቴት ታክስን ሳንነካ ነው።

በሁለተኛው ቤት ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 130 ሺህ ያገኛሉ። የእነሱ እርከን 24 በመቶ ነው። ከ7.65ቱ ጋር 31.65 በመቶ ይሆናል። ከተመሳሳይ 20 ሺህ ዶላር ላይ የዳነላቸው 6,330 ዶላር ነው።

ኢንሹራንሱ አንድ ዓይነት፣ ሆስፒታሉ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ድጎማው ግን የተሻለ ለሚያገኘው ቤተሰብ በ2,400 ዶላር ይበልጣል። ድሃን ለመርዳት የታሰበ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ማንም እንዲህ አድርጎ አይነድፈውም። የገቢ ግብር ጨርሶ የማይደርስበት ዝቅተኛ ተከፋይ የሚተርፍለት በአብዛኛው ያቺ 7.65 በመቶ ብቻ ናት። ኢንሹራንስ የሌለው ሥራ የሚሠራው ደግሞ ዜሮ።

አሰሪውም ይጠቀማል። በደመወዝ ቢከፍል ኖሮ ከራሱ ኪስም 7.65 በመቶ ይጨምር ነበር። በ20 ሺህ ዶላር ላይ 1,530 ይተርፈዋል።

ደብሊው-2 ላይ "ዲዲ" የሚለው ትልቅ ቁጥር ምንድን ነው?

በታክስ ሰሞን ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ደብሊው-2፣ ማለትም አሰሪ በየዓመቱ የሚልከው የደመወዝና የታክስ ማጠቃለያ ወረቀት ላይ፣ ሳጥን 12 የሚባል አለ። እዚያ ውስጥ "ዲዲ" ከሚሉ ሁለት ፊደላት ጎን 15 ሺህ፣ 20 ሺህ፣ 27 ሺህ ዶላር ተጽፎ ታገኛላችሁ። "ይሄን ያህል ገንዘብ መቼ ወሰድኩ? ታክስ ልከፍልበት ነው እንዴ?" ይላል ሰው።

አይከፈልበትም። ያ ቁጥር የኢንሹራንሳችሁ ጠቅላላ ዋጋ ነው፤ የእናንተም የአሰሪውም ድርሻ ተደምሮ። ለመረጃ ብቻ ነው የሚጻፈው። 250 ደብሊው-2 የማይሞሉ ትንንሽ አሰሪዎች የመጻፍ ግዴታ ስለሌለባቸው የእናንተ ወረቀት ላይ ላይኖር ይችላል።

ሳጥን 1 ደግሞ ታክስ የሚከፈልበት ደመወዛችሁ ነው። ከተቀጠራችሁበት ደመወዝ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ከምክንያቶቹ አንዱ "ፕሪ-ታክስ" የተቆረጠው ኢንሹራንስ ነው። በኬላው ጎን ያለፈውን ገንዘብ በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ የምታዩት በእነዚህ ሁለት ሳጥኖች መካከል ነው።

አንዲት ትንሽ ጉዳት አለችው። ሶሻል ሴኩሪቲ ያልተቆረጠበት ገንዘብ ለጡረታ ስሌት አይያዝም። ስለዚህ የወደፊት ጡረታችሁ በትንሹ ዝቅ ይላል። ለአብዛኛው ሰው ግን ዛሬ የሚተርፈው ይበልጣል።

እንዲህ ያለ አሠራር ከየት መጣ?

ማንም ቁጭ ብሎ አላቀደውም። የጦርነት ዘመን ልጅ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ጅምር ትንሽ ነበር። በ1929 ቴክሳስ፣ ዳላስ ያለው ቤይለር ሆስፒታል ለከተማው አስተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀረበ። በወር 50 ሳንቲም ይከፍላሉ፤ ከታመሙ በዓመት እስከ 21 ቀን ሆስፒታል ይተኛሉ። በኋላ ብሉ ክሮስ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ወንዱ ሁሉ ዘምቷል፤ ፋብሪካው ሠራተኛ ይፈልጋል። አሰሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ ደመወዝ ከፍ ከፍ ማድረግ ጀመሩ። መንግሥት ኑሮ እንዳይወደድ ፈራ። በጥቅምት 1942 ኮንግረስ ደመወዝና ዋጋን ባለበት ለማስቆም ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም ደመወዝ እንዳይጨመር አዘዙ። ነገር ግን የጦርነት ጊዜው የሥራ ቦርድ ኢንሹራንስን እንደ ደመወዝ አልቆጠረውም። ደመወዝ መጨመር የተከለከለ አሰሪ "ኢንሹራንስ እገባልሃለሁ" ማለት ቻለ። በ1943 የታክስ መሥሪያ ቤቱ አሰሪ ለቡድን ኢንሹራንስ የሚከፍለው ገንዘብ በሠራተኛው ላይ ታክስ እንደማያስከትል ወሰነ።

ጦርነቱ አለቀ፤ አሠራሩ ግን አላለቀም። በ1954 ኮንግረስ የታክስ ሕጉን እንደ አዲስ ሲጽፍ ውሳኔውን በግልጽ አንቀጽ አጸደቀው። ለጊዜው ተብሎ የተከፈተው መንገድ አስፋልት ሆነ።

ታዲያ አሰሪዬ ነው የሚከፍልልኝ?

በወረቀት ላይ፣ አዎ። ቼኩን የሚጽፈው እሱ ነው። አሰሪ ሰው ሲቀጥር ግን የሚያሰላው ጠቅላላ ወጪውን ነው፤ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ የጡረታ መዋጮ፣ ሁሉንም። ኢንሹራንሱ ሲወደድ ለደመወዝ ጭማሪ የሚተርፈው ይቀንሳል። ኢኮኖሚስቶች በብዙ ነገር ይጨቃጨቃሉ። የአሰሪው ድርሻ ዞሮ ዞሮ ከሠራተኛው ደመወዝ እንደሚወጣ ግን አብዛኞቹ ይስማማሉ።

በ2015 የቤተሰብ አማካይ ፕሪሚየም 17,545 ዶላር ነበር። በ2025 ወደ 27 ሺህ ተጠግቷል። በ10 ዓመት ከ9,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። "ደመወዜ ለምን አያድግም?" ለሚል ሰው መልሱ ሁሉ ይህ ነው አይባልም። አንዱ ምክንያት ግን ነው፤ አለቃውም ሆነ ሠራተኛው እምብዛም አያነሱትም።

ይህን ያህል ጉድለት ካለው ለምን አያስቀሩትም?

ሞክረዋል። ሁለቱም ፓርቲዎች ሞክረው ሁለቱም ተቃጥለዋል።

በ2008 ምርጫ ሪፐብሊካኑ ጆን ማኬይን አንድ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። አሰሪ የሚከፍለው ኢንሹራንስ እንደ ገቢ ይቆጠር፤ በምትኩ ለአንድ ሰው 2,500፣ ለቤተሰብ 5,000 ዶላር ክሬዲት ይሰጥ አሉ። ባራክ ኦባማ ኢንሹራንሳችሁን ታክስ ሊያደርጉባችሁ ነው እያሉ አጥብቀው ነቀፏቸው። አሸነፉም። በ2010 የወጣው የራሳቸው የጤና ሕግ ግን ውድ በሆኑ ኢንሹራንሶች ላይ 40 በመቶ የሚያስከፍል ታክስ ይዞ መጣ። ሕዝቡ "ካዲላክ ታክስ" አለው። ፖለቲካ እንዲህ ናት።

ካዲላክ ታክስ ከገደቡ በላይ የሆነውን የፕሪሚየም ክፍል ብቻ ነበር የሚነካው። ይጀምራል የተባለው በ2018 ነበር። ወደ 2020 ገፉት። ቀጥሎ ወደ 2022። የሠራተኛ ማኅበራት ጠሉት፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም ጠሉት። ሁለቱን በአንድ ነገር ማስማማት ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2019 የተወካዮች ምክር ቤት በ419 ለ6 ድምፅ እንዲሰረዝ ወሰነ፤ በታኅሣሥ ስረዛው ሕግ ሆነ። ለአንድ ቀን እንኳ ሥራ ላይ አልዋለም።

ነገሩ ግልጽ ነው። 154 ሚሊዮን ሰው የያዘውን ነገር ፖለቲከኛ ቢነካ፣ የሚጎዱት ሰዎች ወዲያው ያውቁታል። የሚጠቀሙት ግን ዘግይተው ነው የሚያውቁት። ደግሞም ድጎማው የሚሠራው ሥራ አለ። ጤነኛውንም በሽተኛውንም፣ ወጣቱንም ጎልማሳውንም በአንድ ቡድን አሰባስቦ ይይዛል። ያ ቡድን ቢበተን በሽታ ያለበት ሰው ብቻውን ገበያ ላይ ይቆማል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ባዶ አይደለም።

ኡበር የምነዳ ነኝ። ለእኔስ?

ለእናንተ ከኬላው ግማሹ ብቻ ነው የተነሳው። በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ የከፈለውን ፕሪሚየም ከገቢ ግብር ላይ መቀነስ ይችላል፤ ከሥራው ባተረፈው ልክ። ነገር ግን 15.3 በመቶ የሆነው የግል ሥራ ታክስ፣ ማለትም የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ሁለቱም ድርሻ፣ በዚያ ገንዘብ ላይ እንዳለ ይከፈላል። በዓመት 8,000 ዶላር ፕሪሚየም የሚከፍል ሾፌር በዚያ ገንዘብ ላይ ብቻ ከ1,100 ዶላር በላይ የግል ሥራ ታክስ ይከፍላል። ተቀጣሪው ጓደኛው ይህ የለበትም።

ሌላው መንገድ ገበያው፣ ኦባማ ኬር ነው። እዚያ እርዳታው የሚሰላው በተቃራኒው ነው፤ ገቢ ሲያንስ እርዳታው ይጨምራል። በ2021 የመጣው ተጨማሪ እርዳታ በ2025 መጨረሻ አበቃ። በዚህም ምክንያት የቀድሞው የገቢ ጣሪያ ለ2026 ተመልሷል። ብቻውን የሚኖር ሰው ከ62,600 ዶላር፣ አራት ሰው ያለው ቤተሰብ ከ128,600 ዶላር በላይ ካገኘ እርዳታ የለም።

የኢሚግሬሽን ወረቀት ሂደት ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2025 የወጣው የታክስና የበጀት ሕግ ከጥር 2027 ጀምሮ ስደተኝነትና ጥገኝነት ያገኙ ብዙ ሰዎችን፣ ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ፣ ከገበያው እርዳታ ውጭ ያደርጋቸዋል። የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንሱን የታክስ ጥቅም ግን አልነካውም። ለእነዚህ ወገኖች ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል።

የመሥሪያ ቤቱን ትቼ ኦባማ ኬር ብወስድ አይሻልም?

አሰሪያችሁ ያቀረበው ኢንሹራንስ በሕጉ ዓይን "አቅምን የሚመጥን" ከሆነ የገበያው እርዳታ በር ይዘጋባችኋል። ለ2026 መለኪያው ለሠራተኛው ብቻ የሚከፈለው ድርሻ ከቤተሰቡ ገቢ 9.96 በመቶ አለመብለጡ ነው። እስከ 2022 ድረስ ለሚስትና ለልጆችም በዚሁ በሠራተኛው ዋጋ ነበር የሚለካው። ስንቱ ቤተሰብ በዚህ ሲጎዳ ኖሯል። ከ2023 ጀምሮ የቤተሰቡ ዋጋ ለብቻው ይለካል። ስለዚህ እናንተ በመሥሪያ ቤት፣ ልጆቹ በገበያው መግባት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ሳትጠይቁ አትለፉ።

50ና ከዚያ በላይ የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ (ሙሉ ሰዓት የማይሠሩትም ሰዓታቸው ተደምሮ ይቆጠራል) ያለው አሰሪ በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠሩ ሰዎች ኢንሹራንስ ማቅረብ አለበት፤ አለዚያ ቅጣት አለው። አንዳንድ ቦታ ሺፍት 28 ወይም 29 ሰዓት ላይ የሚቆመው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ። ከዚያ ያነሰ ሠራተኛ ያለው፣ ለምሳሌ የሀበሻ ምግብ ቤት፣ አይገደድም። ከ25 ሠራተኛ በታች ሆኖ ደመወዙም ዝቅ ያለ ከሆነና የፕሪሚየሙን ግማሽ ከከፈለ ግን ከከፈለው እስከ 50 በመቶ የሚደርስ የታክስ ክሬዲት ለሁለት ዓመት ማግኘት ይችላል። ከ2020 ጀምሮም "አይክራ" የሚባል አሠራር አለ፤ አሰሪው ታክስ የሌለበት ገንዘብ ይመድባል፣ ሠራተኛው የፈለገውን ኢንሹራንስ ራሱ ይገዛል።

ሥራ ብለቅስ?

እውነተኛው ዋጋ የሚታየው ያኔ ነው። 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት የለቀቀ ሰው ኮብራ በሚባለው ሕግ ያንኑ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ እስከ 18 ወር ማቆየት ይችላል። ግን ሙሉውን ራሱ ይከፍላል፤ እስከ 2 በመቶ የአስተዳደር ወጪም ይጨመርበታል። በ2025 አማካይ ካሰላነው የቤተሰብ ኮብራ በወር ወደ 2,300 ዶላር ይጠጋል። ትናንት በወር 570 ይቆረጥበት የነበረ ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው ስህተት ይመስለዋል። ስህተት አይደለም። ኮብራን ለመምረጥ ቢያንስ 60 ቀን አለ፤ በገበያው ለመግባትም 60 ቀን ነው። ሁለቱን አወዳድሩ።

"ሥራውን ጠልቼዋለሁ፣ ግን ኢንሹራንሱ..." የሚለው አነጋገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው የራሱን ሥራ ከመጀመር፣ ሰዓት ከመቀነስ፣ ከ65 በፊት ጡረታ ከመውጣት ወደ ኋላ ይላል።

ሁለት ሥራ ሳወዳድር ምን ልይ?

በእኛ ሰው መሀል አዲስ ሥራ ሲወራ "ቤነፊት አለው?" የሚለው ቶሎ ይጠየቃል። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግን ይዘለላል፦ አሰሪው ስንት ይከፍላል?

ብቻውን የሚኖር ሰው ሁለት ሥራ ቀረበለት እንበል። አንዱ 52 ሺህ ዶላርና ኢንሹራንስ፤ አሰሪው በዓመት ወደ 8,000 ይከፍላል። ሌላው 60 ሺህ፣ ኢንሹራንስ የለውም። እኩል ይመስላሉ። ግን ያቺ 8,000 በዋናው መንገድ ስትመጣ ኬላው ላይ 19.65 በመቶዋ ይቀራል፤ እጁ የሚገባው 6,400 ገደማ ነው። የስቴት ታክስም ገና አልተነሳም። በዚያ ገንዘብ የ8,000 ዶላር ኢንሹራንስ አይገዛም፤ የገበያው እርዳታ ካልደረሰለት በቀር። ጠቅላላ ዋጋውን ለማወቅ የሰው ኃይል ክፍሉን "የአሰሪው ድርሻ በዓመት ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

በትዳር ጓደኛችሁ ኢንሹራንስ የምትሸፈኑ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ አሰሪዎች "የእኛን ካልወሰድክ ጥሬ ገንዘብ እንሰጥሃለን" ይላሉ። መውሰዱ ያዋጣ ይሆናል። ያ ገንዘብ ግን እንደ ደመወዝ ታክስ ይቆረጥበታል። በወር 200 ዶላር ተብሎ ቃል የተገባለት ሰው 150 ወይም 160 ሲደርሰው ማንም አላታለለውም።